ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ጫካ

ዘንድሮ፣ ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ባቡሩ ከኮረብታው ሥር ካለችው ትንሽ ጣቢያ ደርሶ በሩ ሲከፈት ሽታው እኔ ሳልወርድ ቀድሞ ገባ። ነጭ ሽንኩርት ነው። ወጥ የሚሠራ ሰው የለም፣ ቤትም በቅርብ የለም፤ የሚሸተው ጫካው ራሱ ነው። በዚህ አገር ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር የዱር ነጭ ሽንኩርት እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ነጭ፣ ሽታው ግን ያው የእኛው ነው። አብረውኝ የወረዱ አንዲት ባልቴት ቆም ብለው በረጅሙ ሳቡትና ፈገግ አሉልኝ። እሳቸውን የሸተታቸው ጸደይ ነው። እኔን የሸተተኝ የእናቴ እግር ነው።

እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ድሮ ይህን ለሰው ስናገር አንገቴን እደፋ ነበር፤ ዛሬ አልደፋም። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር። ንጋት ላይ እንጦጦ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ወገቧ እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ጭራሮዋን አዝላ ትወርዳለች። እኔም ከአራተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ ትምህርቱን ትቼ ከኋላዋ እከተላት ጀመር። ከመውጣታችን በፊት ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በሙቀጫ ትወቅጥና ቁርጭምጭሚታችንንና የጫማችንን ጠርዝ ታሸው ነበር። "እባብ ይህን ከሸተተው ቤቱን ለቆ ይሄዳል" ትለኛለች። እባቡን አንድ ቀንም አላየሁትም። የደን ጠባቂውን ግን አይቼዋለሁ፤ ከባሕር ዛፉ መሐል ድንገት ብቅ ሲል፣ እናቴ ሸክሟን ጥላ እጄን ይዛ ስትሮጥ። ጫካ ማለት ለእኔ ያ ነበር፤ ሳይታይ የሚመጣ ነገር ያለበት ቦታ። ለጠባቂው የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ደግሞ አልነበረንም።

ጄኔቭ የገባሁት ያ ምርጫ አልፎ፣ ግርግሩም በርዶ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት በለመደበት ጊዜ ነው። የልጄ አባት በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት "አሁን መጣሁ" ብሎ ወጥቶ ቀረ። እሱ ደፋር ነበር። "ፈሪ ለእናቱ" ይባላል፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ለልጁም ነው እላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዓይኔ የራቀን ሰው ሁሉ የማይመለስ እያደረግሁ ማሰብ ልማድ ሆነብኝ። ልጄን ፍሬሕይወትን፣ እኛ ፍሬ የምንላትን፣ ገና አፏን በቅጡ ሳትፈታ ለእኅቴ ሰጥቼ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኝነት ተሳፈርኩ። እኔ ራሴ ከእሷ ዓይን መሰወሬን ያኔ አላሰብኩትም።

የለበስኩትን ግን ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ። ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ የተገዛ ቡናማ ካፖርት፣ አንድ ቁልፉ ከሌላ ልብስ የተነቀለ፤ ከውስጡ እኅቴ የሠራችልኝ የሱፍ ሹራብ። ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ ገና በር ላይ ስታየኝ "ይህ ለዚህ አገር ብርድ አይሆንም" ብላ የራሷን አሮጌ ካፖርት ሰጠችኝ፤ እኔ ግን የመርካቶውን እሑድ እሑድ መልበሴን አልተውኩም። እሑድ የእኛ ነበረች። የየዲፕሎማቱ ቤት ሴቶች ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ካለችው መንገድ እንገናኛለን። ከጥግ ካለችው ሱቅ የአምስት ፍራንክ የስልክ ካርድ ገዝተን በጥፍራችን እንፍቃለን፤ ከዚያ ተራ በተራ ወደ ቤት እንደውላለን። መስመሩ ያስተጋባል፣ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። በዚያ ማሚቶ መሐል አንዲት ቀጭን ድምፅ "እትዬ፣ ደህና ነሽ?" ትለኛለች። ፍሬ ናት። እማዬ የምትለው እኅቴን ነበር። የእኅቴ ልጆች ሲሉ ሰምታ ነው፤ ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አላረማትም።

ከስልኩ በኋላ አልማዝ ቤት እንሄዳለን። አልማዝ የጉለሌ ልጅ ናት፤ ከእኔ ቀድማ መጥታ፣ እሷም በሰው ቤት ጀምራ፣ በኋላ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠብ ሥራ አግኝታ ሊኞን ውስጥ ቤት ተከራይታ ነበር። ሊኞን ያ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ የሚሄደው ፎቅ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው "እባብ ሆድ ውስጥ ነው የምትኖሪው" ብያት ነበር። "እባቡ ማሞቂያ አለው" ብላ መለሰችልኝ። አንድ ሲዲ ብቻ ነበራት፣ እሱም የተጫረ። ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፤ ከመሐላችን አንዷ ተነሥታ ጠረጴዛውን መታ ስታደርግለት ይቀጥላል። ያን ዘፈን ዛሬ ሌላ ቦታ ሳይንተባተብ ስሰማው የተሳሳቱ ይመስለኛል።

እንሽላሊትን የተዋወቅኋት እዚያው ጄኔቭ ነው። በማዳም ግቢ ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ የድንጋይ ካብ ነበር። ልብስ ሳሰጣ እዚያ ላይ ቡናማ፣ ጣት የማያህሉ እንሽላሊቶች ተዘርግተው ይሞቃሉ። ኮቴዬን ሲሰሙ ስንጥቁ ውስጥ ጥልቅ ይላሉ፣ ቆይተው ጭንቅላታቸውን ብቻ ያወጣሉ። ማዳም "አትንኪያቸው፣ ሸረሪትና ትንኝ ይበሉልናል" ብላኛለች። መንካት ይቅርና፣ እኔ እነሱን ስፈራ፣ እነሱም እኔን ሲፈሩ በጋው አለፈ። ሁለታችንም በሰው ግቢ ነበርን።

ወረቀቴ እስኪስተካከል ዓመታት ሄዱ። የማዳምን ቤት ለቅቄ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን አግኝቼ፣ ፍሬን ሳመጣት ስምንት ዓመት ሞልቷታል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንገቷ ላይ ስጠመጠም እጇን እንደ እንግዳ ዘረጋችልኝና "እትዬ፣ እንደምን ነሽ?" አለችኝ። ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ፣ እትዬ እንደሆንኩ ቀረሁ። ለአልማዝ ባለቅስላት "ተይ እንጂ፤ አፍ እንደ ጥርስ ነው፣ በጊዜው ይበቅላል" አለችኝ።

የበቀለው ሊኞን ውስጥ ነው። ከፎቁ በስተጀርባ ቁልቁል ወደ ሮን ወንዝ የሚወርድ መንገድ አለ፤ በዳሩ አሮጌ ካብ፣ ካቡ ላይ ፀሐይ። እኔና አልማዝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስናወራ ፍሬ ካቡ ሥር ቁጢጥ ብላ አድብታ ኖሯል። ድንገት ጩኸት ሰማን። ዞር ስል እጇ ላይ ጅራት ብቻ አለ፣ ደግሞ ይላወሳል፣ ባለቤትየዋ የለችም። ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እኔ ሮጠች። "እማዬ፣ ገደልኳት፤ እማዬ፣ ሰበርኳት" እያለች ጉያዬ ውስጥ ገባች። ጅራቱም አብሮ መጣ። እኔ ነፍሴ እንሽላሊት የምትጠላው ሴትዮ፣ ያንን የሚላወስ ነገር በእጄ ተቀብዬ "አልሞተችም፣ እናቴ፤ አልሞተችም" እላታለሁ። አልማዝ ናት ያስረዳቻት፦ "ነፍሷን ልታድን ጅራቷን ትታ ሄደች። ይበቅልላታል። ትንሽ አጠር ይል ይሆናል እንጂ ይበቅልላታል።"

ፍሬ እንባዋን እየጠረገች "ያማታል?" አለች።

"ያማታል" አለች አልማዝ እኔን እያየች። "ግን ትሄዳለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ነኝ።

ወደ ዙሪክ የመጣነው ከከተማዋ ጎን ዋሊሰለን ባለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ የጽዳት ሥራ ሳገኝ ነው። ዜባህ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ አሥራ አራት ቁጥር ትራም የምትጨርስበት ሰፈር። የዚያን ጊዜ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ማታ የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር፣ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሰዓቱን ያውቀዋል፣ ሰልፉ ላይ ሰላምታው በአማርኛና በትግርኛ ነው። እኔ የአዳራሹን ወለል ፊት እስኪያሳይ አበራለሁ። ፍሬ ፈረንሳይኛዋን ገና በተማረች ማግሥት ጀርመንኛ ወረደባትና ሁለተኛ ጊዜ ዲዳ ሆነች። ሰው ጋ ዝም ስትል ከእንስሳ ጋር ታወራለች። በረንዳችን በድንጋይ ሞላ። ከቤተ መጻሕፍት የምታመጣው ሁሉ ሥዕሉ እንሽላሊት ነው።

አንድ እሑድ ሶፋው ላይ አጠገቤ መጥታ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "ማሚ፣ ሉግ" አለችኝ፣ እይ ማለቷ ነው፤ እማዬ ዙሪክ ገብታ ማሚ ሆናለች። "ይቺ የጫካዋ እንሽላሊት እንቁላል መሬት ላይ አትጥልም። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጌል፣ አይደል? ስለዚህ ሆዷ ውስጥ ትይዛቸዋለች። ፀሐይ ወዳለበት እየሄደች ታሞቃቸዋለች። ሲደርሱ ልጅ ሆነው ይወጣሉ።"

"እርጉዝ እንሽላሊት" ብዬ ሳቅሁ። "ገንፎ ይዘን አራስ እንጠይቃታለና።"

"ቤት የላትም እኮ። ወልዳ ትሄዳለች።"

"ትታቸው?"

ገጹን በጣቷ አሻሸች። "እነሱ የተወለዱ ዕለት መሮጥ ይችላሉ፣ ማሚ" አለችኝ። ፈጠን ብላ ገጹን ገለጠችው። እዚያ ደግሞ ከዓለም ወዲያ ማዶ ያለ ጫካ ነው፣ አይጥ የሚመስሉ ትናንሽ እንስሳት፣ ሆዳቸው ላይ ኪስ ያላቸው። ልጃቸው ከተወለደ በኋላ እዚያ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያድገው አለችኝ።

"አንቀልባ አላቸዋ" አልኳት። "እኔም አንቺን እንዲህ አዝዬሻለሁ። በሆዴ ሳይሆን በጀርባዬ።"

"ስንት ጊዜ?"

"እስክሄድ ድረስ።"

ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና ንባቧን ቀጠለች። እነዚያ ባለኪሶች ምግባቸውን ፍለጋ መሬቱን ሲጭሩ አፈሩ ይገለበጣል፣ ዝናቡ ይሰርጋል፣ የወደቀው ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፣ ዘሩ ይበቅላል። እነሱ የጠፉበት ጫካ አፈሩ ይደርቃል። "ይህ ሁሉ በዚህች አይጥ?" አልኳት። "ትንሽ ስለሆኑ ሲሠሩ ማንም አያያቸውም፤ የሚታወቀው ሲጠፉ ነው" አለችኝ። እኔ በማግሥቱ የአዳራሹን ወለል ስወለውል፣ ሰዉ ሁሉ ዘሎኝ ሲያልፍ፣ ይቺ ነገር ትዝ ብላኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

እንግዲህ በዚህ አገር ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላው ሙያ ምረጥ ይባላል። ሽኑፐርን የሚሉት ነገር አለ፤ ከሥራው ቦታ ሄዶ ጥቂት ቀን እየሠራ መቅመስ ነው። ከወደዱትና ከወደደ ሌሬ ይሰጡታል፣ ሦስት ዓመት እየሠራ ይማራል። እኔ ከማጸዳው አዳራሽ ውስጥ ካለች የልብስ ሱቅ ኃላፊዋን ለምኜ ለፍሬ ቦታ አገኘሁላት። ብርሃን አለ፣ ሙቀት አለ፣ ወለሉን እየወለወልኩ በመስታወቱ አያታለሁ። ከዚህ በላይ ከእግዜር ምን ይጠየቃል። ፍሬ ለአምስት ቀን ሄዳ ቀመሰችው። "እንዴት ነው?" ስላት "ሰማይ የለውም" አለችኝ።

ከዚያ የምትፈልገውን ነገረችኝ። ፎርስትቫርት። የጫካ ሠራተኛ።

"እንጨት ቆራጭ?" አልኳት።

"መቁረጥ ብቻ አይደለም፣ ማሚ። ጫካውን መጠበቅ ነው።"

መጠበቅ የሚለውን ቃል ከልጄ አፍ ስሰማ ያ ከባሕር ዛፉ መሐል ብቅ የሚለው ጠባቂ ታየኝ። እናቴ ከእንጦጦ ሸክሟን ጥላ የሮጠችው፣ እኔ ባሕር ያቋረጥኩት፣ የልጅ ልጇ ተመልሳ ጫካ እንድትገባ ነው? አይሆንም አልኳት። አሥራ ስምንት ስላልሞላት ያለ እኔ ፊርማ የትም አትገባም። በማግሥቱ ለአልማዝ ደወልኩ፣ ታግዘኛለች ብዬ።

"ጥሩ ሱቅ እኮ ነው" አልኳት።

"ታዲያ ልጅቷን እዚያ ልትሰቅያት ነው? እንደ ቀሚስ?" አለች አልማዝ።

"አትቀልጅ። ጫካ ነው የምልሽ። መጋዝ አለ፣ መዥገር አለ፣ እባብ አለ።"

"አንቺ ደግሞ የማዳምን ድመት ፈርተሽ ማድቤት ራት የበላሽ ሰው ነሽ። አንቺን ጠይቆ ማን ጫካ ይገባል? ቅመሺው በያት። ካልወደደችው ራሷ ትመለሳለች።"

ይህችን ምክር የተቀበልኩት ትመለሳለች የሚለውን ቃል ይዤ ነው። የመስቀል ሰሞን ነበር፤ ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንድትቀምስ ፈቀድኩላት። ሰኞ ማለዳ እሷ ፊቷን ስትታጠብ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቀጥኩ። ፌጦ እዚህም በየሱቁ ይሸጣል፣ ቅጠሉን ነው የሚበሉት፤ ዘሩን ከአትክልት መደብር አገኘሁ። የቦት ጫማዋን ጠርዝ፣ የሱሪዋን እግር፣ ካልሲዋን ሳይቀር አሸሁት። ማታ ስትመለስ ደጅ ላይ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

"ማሚ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው? ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ከአጠገቤ ተነሣ።"

"እባብ ተጠጋሽ?"

"እባብም ሰውም አልተጠጋኝም።" ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም፣ ሳቋ አመለጣት። "ሩዲ አበደ፣ ማሚ።" ሩዲ ማለት የጫካ ሠራተኞቹ አለቃ ነው። የዱር ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው በጸደይ ብቻ ነው፣ በመስከረም ቅጠሉም የለም። ሩዲ ጠዋቱን ሙሉ አፍንጫውን እየነፋ መሬት መሬት ሲያይ፣ የወደቀውን ቅጠል በእግሩ ሲገልጥ፣ "በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ መስከረም አላየሁም" ሲል ዋለ። ሌሎቹም ተሰብስበው አሸተቱ። ፍሬ ቲማቲም መስላ ቆማ ቆማ በመጨረሻ "እኔ ነኝ" አለች። "እናቴ እባብ ፈርታ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ስሟ ቤርላውክ ሆነ፣ የዚያ የዱር ነጭ ሽንኩርት ስም ነው።

"እና ተናደደ?"

"ዓርብ እናትሽ ትምጣና ጫካውን ትየው አለ። ወረቀቱም ያኔ ይዘጋጃል አለ።" ሳቋን ተወችው። "ካልፈረምሽ ሱቁ እገባለሁ። እምልልሻለሁ። ግን መጥተሽ እዪው።"

ዓርብ ሄድኩ። ገበያ አዳራሹ ውስጥ በቅናሽ የገዛኋትን የወይን ጠጅ ቀለም ካፖርት ለብሼ፣ የጎማ ቦት ተጫምቼ፣ ረጅሙን ጃንጥላ ይዤ። ዝናብ የለም፤ ጃንጥላው ለእባብ ነው። ጫማዬንም አሽቼዋለሁ። ሩዲ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ግዙፍ ሰው ነው። ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ አየር አሸተተና በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ያየሁት እጁን ነው። አንድ ጣት የለውም።

"ጣቱ የት ሄደ ብለሽ ጠይቂው" አልኳት።

"ማሚ፣ ነውር ነው።"

"ጠይቂው።"

ጠየቀችው። መልሱን ዝግ ብላ ተረጎመችልኝ፦ "ወጣት ሆኜ ደፋር ነበርኩ፤ መጋዝ ደፋር ይወዳል። እንደ እንሽላሊት ጅራት መስሎኝ ነበር፣ አልበቀለም።"

ጃንጥላዬን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ተከተልኳቸው። ጫካው ዳር ደረስን፤ ዛፎቹን ከዳር ቀንሰው ፀሐይ አስገብተዋል። እዚያ ግን ድንጋይ ተከምሯል፣ ቅርንጫፍና ጭራሮ ሰው ቁመት ድረስ ተቆልሏል። የጽዳት ሠራተኛ ዓይን አይደል፣ "ይህን ማን ያነሣዋል?" አልኩ። ፍሬ ሳትተረጉምለት ራሷ መለሰችልኝ፦ "ማንም አያነሣውም፣ ማሚ። የእንሽላሊቶቹ ቤት ነው። ክረምት ከሥሩ ይተኛሉ፣ በጋ ከላዩ ይሞቃሉ። እነሱ ትሉንና ሸረሪቱን ይበላሉ፣ እነሱን ደግሞ ጭልፊት ይበላል። ጫካው በጣም ከጸዳና ከጨለመ ይሄዳሉ። ይህንን ክምር እኔ ነኝ የከመርኩት፣ በዚህ ሳምንት።"

ያንን ጭራሮ ቆሜ አየሁት። እናቴ ብታየው ስንት ጊዜ ተመላልሳ ትሸከመው ነበር። ለዚያ ነበር ወገቧ የታጠፈው፣ ለዚያ ነበር የተባረረችው። እዚህ የልጅ ልጇ ለእንሽላሊት ብላ ከምራ ትታዋለች፣ የሚያባርራትም የለም። ልቆጣ ልደሰት አላወቅሁም።

ከዚያ ፍሬ በክምሩ ዳር ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ልታሳየኝ ሄደች። እንዴት እንደሄደች ልንገራችሁ። መጀመሪያ የምትረግጥበትን አየች። ጓንቷን አጠበቀች። ድንጋዩን በዱላ ኳ ኳ አደረገች፣ ቆየች፣ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆማ ጠርዙን ወደ ራሷ አነሣችው። ከሥሩ የናስ ሽቦ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የተጠቀለለ ነገር።

እባብ። ጃንጥላዬ ወደ ላይ ሄደ። እኔ አላነሣሁትም፣ እሱ ነው የሄደው። ፍሬ አንድ እርምጃ ተራመደችና በጃንጥላውና በዚያ ነገር መሐል ገባች። ልጄን ከእባብ ላድን መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ያንን ነገር ከእኔ እየጠበቀች ነው።

"ዓይኗን እዪ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ማሚ፣ እጅሽን አውርጂና ዓይኗን እዪ።"

እጄን አላወረድኩም፣ ግን አየሁ። ትንሽ ጥቁር ዓይን። አየችኝ፣ አየኋት። ከዚያ ጨፈነች። የዓይን ቆብ አላት፤ እንደ ሰው ጨፍና ገለጠች።

"እባብ አይጨፍንም" አለችኝ ፍሬ። "ይቺ እንሽላሊት ናት። እግር ሳያስፈልጋት ቀርቶ ነው። ቀንድ አውጣ ትበላለች፣ ማንንም አትነክስም። ሰው ግን እባብ መስላው በአካፋ ይቆርጣታል።"

ሩዲ ከኋላዬ አንድ ነገር አጉረመረመ። ፍሬ ድንጋዩን መልሳ፣ ጣቷን እየጠበቀች፣ ቀስ አድርጋ አስተኝታ ከጨረሰች በኋላ ነው የተረጎመችልኝ፣ አፍራ፦ "ይህቺ ልጅ ፈሪ ናት ይላል። ለዚህ ነው የምፈልጋት ይላል። በዱላዋ ሳትመታ ድንጋይ አታነሣም፣ ዛፉን ዞራ ሳታይ ሥሩ አትቆምም። ደፋሩን እኔ አውቀዋለሁ ይላል።" ሩዲ ጣት የጎደለውን እጁን አሳየኝ።

ደፋሩን እኔም አውቀዋለሁ፤ አሁን መጣሁ ብሎ ነው የቀረው። ለሩዲ ግን ይህን በምን ቋንቋ ልንገረው። ይህን ሁሉ ዓመት ፍርሃቴን ለልጄ እንዳላወርሳት ስሰጋ ኖሬ፣ ለካስ ወርሳው፣ አጥባ፣ አሳምራ ለብሳው ነው የቆመችው። ፈሪ ለእናቱ። ወረቀቱን አምጡ አልኩ። የሩዲ መኪና ኮፈን ላይ፣ ነጭ ሽንኩርት በሚሸተው እጄ፣ ፈረምኩ።

ሦስቱን ዓመት እንዴት እንዳለፍኩት አትጠይቁኝ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መስኮት ላይ ነኝ። ፍሬ ማታ ማታ በብርቱካናማ የሥራ ሱሪዋ፣ ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ ከትራሙ ስትወርድ፣ የዜባህ ሰው ሲያያት፣ ከበረንዳ ሆኜ "የእኔ ናት" ማለት ያምረኛል። የተመረቀች ዕለት አዳራሹ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ ስትወጣ ከሥራ ጓደኞቿ አንዱ ከኋላ "ቤርላውክ" ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሳቀ። ከጄኔቭ በባቡር የመጣችው አልማዝ ጎኔን ጎሰም አድርጋ "ሱቁ ውስጥ ብትሰቅያት ኖሮ ይህን ጊዜ በቅናሽ ተሸጣ ነበር" አለችኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ ከዚያች ጣቢያ የወረድኩት ፍሬ ስለጠራችኝ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ትንንሽ ልጆች ክምሯን ሊያዩ መጥተዋል፣ የምታስጎበኘው እሷ ናት። ክምሩ አሁን ግማሹ በሣር ተውጧል። ከኋላ ቆሜ አየኋት። ልጆቹን ዝም አሰኝታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ ጠቆመችላቸው። ከአንድ ግንድ ላይ ሆዷ የተነፋ ቡናማ እንሽላሊት ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ልጆቿን በሆዷ ይዛ። ልጆቹ ሁሉ ጠጋ አሉ። አንዲት ግን፣ ሁለት ጉንጉን የተሠራች ትንሽ ልጅ፣ እኔ አጠገብ ቀርታ ካፖርቴን ያዘች። እባብ አለ ወይ ትላለች።

ፍሬ አየቻት። አልሳቀችባትም። መጣችና ፊቷ ተንበርክካ እጇን የሥራ ሱሪዋ የጎን ኪስ ውስጥ ከተተች። ያወጣችውን ጠጋ ብዬ አየሁት። የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ነው፣ ልጣጩ ከኪሱ አቧራ ጋር የደረቀ።

"ጫማሽን በዚህ እሺው" አለቻት በዙሪክ ጀርመንኛ፤ ይህን ያህል እሰማለሁ። "የእናቴ መድኃኒት ነው።"

"ይሠራል?" አለች ልጅቷ።

"እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ። እስካሁን የበላኝ እባብ የለም።"

ልጅቷ ጫማዋን በደንብ አድርጋ አሸች። ከዚያ የፍሬን እጅ ይዛ፣ የምትረግጥበትን እያየች፣ ወደ ክምሩ ሄደች። ካጠገቤ ያሉት መምህርት ዓይኔን አይተው ደህና ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጫካው ነው አልኳቸው፤ ሽታው ያቃጥላል።